መልስ፦ የቡና መፈልፈያው ሲነሳ ቴሌቪዥኑ ለምን ይረበሻል?

ሰላም ወንድሜ። ጅማ ቤታችሁ አጠገብ ያለው የቡና መፈልፈያ በተነሳ ቁጥር ሥዕሉ ይቆራረጣል ብለሃል። መጀመሪያ አምፖሉን እይ። አብሮ ደብዘዝ ካለ ችግሩ የኤሌክትሪክ ኃይሉ መውረድ ነው፤ ትልቅ ሞተር ሲነሳ ከወትሮው ከ5 እስከ 7 እጥፍ ከረንት ሊስብ ስለሚችል 220 ቮልቱ ለአፍታ ይወርድና ሪሲቨሩ ጠፍቶ ይነሳል። ደህና ስታቢላይዘር (ቮልቱን የሚያስተካክል ዕቃ) ይበቃሃል።

አምፖሉ ካልተነካ ከላላ ገመድ ወይም ከተበላ ኮንታክተር (የሞተሩ ማብሪያ ማጥፊያ) የሚወጣ ብልጭታ ነው የምጠረጥረው። ይሄ ተራ አንቴናን በጣም ያስቸግራል። የዲሽ ሞገድ ግን ከ10 ጊጋኸርዝ በላይ ስለሆነ ብልጭታው እምብዛም አይነካውም፤ ስለዚህ የምትጠቀመው ዲሽ ከሆነ ኬብልህን መርምር። ኤልኤንቢው (ዲሹ ፊት ያለው ሞገድ ተቀባይ) ጋ ያለውን ኮኔክተር (የኬብሉን መግጠሚያ) ፍታው፤ በዚህ ዝናባችን ውሃ ገብቶ መዳቡ አረንጓዴ ከሆነ ቆርጠህ አዲስ ግጠም። ባለማሽኑንም በሰላም አናግረው፤ የላላ ገመድ እሳትም ያስነሳል።