ጥቁር ጠብታ ለምን ዘይት አይመስልም?

ጥያቄ፦ በ1/35 መጠን የተሠራ የቲ-55 ታንክ ሞዴል እየጨረስኩ ነው። የሞተር ክዳኑና የኋላ የናፍጣ በርሜሎቹ ላይ ዘይት የፈሰሰ እንዲመስል የሚያብረቀርቅ ጥቁር አክሪሊክ ቀለም ጠብ ጠብ አደረግሁበት። ቀለም የተደፋበት መሰለ። መጨረሻ ላይ ማት ቫርኒሽ ስረጭበት ደግሞ ጭራሽ ጥላሸት ሆነ። ምን ልቀይር?

መልስ፦ ሁለት ነገር ይቀይሩ፤ ቀለሙንና ቅደም ተከተሉን። በስሱ የተዘረጋ የሞተር ዘይት ከሥሩ ያለውን ቀለም ያሳያል፣ ጥቁር አክሪሊክ ግን ይሸፍነዋል። ማት ቫርኒሽ ደግሞ ማንኛውንም ወዝ ስለሚያጠፋ ከእድፉ በፊት እንጂ በኋላ አይረጭም።

አንድ ጋራዥ ግቢ ገብተው መኪና የሚቆምበትን መሬት ልብ ብለው ይዩ። መሐሉ ጥቁርና ወዛም ነው፣ ዙሪያው ቡናማ ሆኖ አቧራ ጠጥቷል፣ ጠርዙ የት እንዳለቀ አይለይም። ሞዴሉ ላይም እድፉ በሦስት ዕድሜ ይሠራል።

ማት ቫርኒሹን ረጭተው 24 ሰዓት ያድርቁት። ማቅጠኛዎ አኳራጅ ይሁን። የጋራዥ ቲነር አክሪሊኩንም ፕላስቲኩንም ይበላል። አኳራጅም ቢሆን በብዛት ፈስሶ የጎማ እግሮቹና የሰንሰለቱ መጋጠሚያ ውስጥ ከተኛ ፕላስቲኩን ሊሰነጥቅ ስለሚችል ብሩሹን ሁልጊዜ ጨርቅ ላይ ጠረግ ያድርጉ።

ለአሮጌው እድፍ የሠዓሊ ዘይት ቀለም ይጠቀሙ፦ በርንት አምበር የሚባለው ጥቁር ቡናማ 3 እጅ፣ ጥቁር 1 እጅ። የምስር ፍሬ የሚያህል ቀለም ካርቶን ላይ አውጥተው አንድ ሰዓት ያህል ይተዉት፤ ካርቶኑ ቀለሙ ውስጥ ያለውን የተልባ ዘይት ሲመጥ ቀለሙ ቶሎ ይደርቃል፣ ወዙም ይቀንሳል። ከዚያ 1 እጅ ቀለም ከ8 እስከ 10 እጅ አኳራጅ በጥብጠው በሞተር ክዳኑ ላይ ዘይቱ በሚፈስበት ምንጭ ዙሪያ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ስፋት ይንኩ። በዚህ መጠን 1 ሴንቲ ሜትር ማለት በእውነተኛው ታንክ 35 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው፣ እድፉን ያገዝፈዋል። ጠርዙ ላይ ቀለበት ከሠራ በአኳራጅ እርጥብ ባለ ንጹሕ ብሩሽ ያለስልሱት።

በማግስቱ ሁለተኛውን ያስከትሉ፦ 1 ለ 3 የተበጠበጠ፣ ከመጀመሪያው ያነሰ፣ ቅርጹም ከእሱ ጋር የማይገጥም። ገና ሲያጣብቅ አሸዋማ ቀለም ያለው ደረቅ ፒግመንት (የቀለም ዱቄት) በጣም ጥቂት በብሩሽ ነስነስ ያድርጉበት፤ ዘይት አቧራ ይይዛልና። ይህን ያለፈ ሰው እድፉ ምንም ቢያምር ከታንኩ ጋር አይዋሐድለትም።

ትኩሱ ዘይት የመጨረሻው ነው። ሁለተኛው በደንብ ከደረቀ በኋላ ታሚያ ኤክስ-19 ስሞክ የሚባለውን የሚያሳልፍ ቀለም፣ ወይም ያንኑ የዘይት ቀለም ከአብረቅራቂ ኢናሜል ቫርኒሽ ጋር ቀላቅለው፣ ምንጩ ላይ ብቻ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ያኑሩ።

አቅጣጫውም ያሳምናል ወይም ያጋልጣል። ቀጥ ያለ ጎን ላይ ያለው በስበት ወደ ታች ይወርዳል፣ እየሄደ ይቀጥናል፤ ብሩሹን ከላይ ወደ ታች አንድ ጊዜ ብቻ ይጎትቱ። ከጎማው ኩሽኔታ የሚያፈተልክ ግራሶ ግን ጎማው ሲሽከረከር ከመሐል ወደ ጠርዝ ይበተናል። ቲ-55 በየጎኑ አምስት ትልልቅ ጎማዎች አሉት፤ አንዱ ወይም ሁለቱ ላይ ይበቃል፣ ሁሉም ቢያፈሱ እውነት አይመስልም። በርሜሎቹ ላይ ጥቁሩን ይተዉትና በርንት አምበሩን ብቻውን በጣም አቅጥነው ይጠቀሙ፣ ናፍጣ እንደ ተቃጠለ ዘይት አይጠቁርም። በግራ ፓራፋንጎ ላይ ያለው የጭስ መውጫ ደግሞ ጥላሸት እንጂ ዘይት አይፈልግም፤ እዚያ ማት ጥቁር ፒግመንት ትክክል ነው።

ጥያቄ፦ ለ1/72 ሞዴል ያው ብጥብጥ ይሆናል?

መልስ፦ ብጥብጡ ያው ነው፣ ወዙንና ፍንጣቂውን ግን ይቀንሱ። ከብሩሽ በስቴኪኒ የሚፈናጠር የግማሽ ሚሊ ሜትር ነጠብጣብ በ1/35 ወደ 1.75 ሴንቲ ሜትር ሲሆን በ1/72 ግን 3.6 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ መርጨቱን ትተው 000 በሚባለው እጅግ ቀጭን ብሩሽ ጫፍ አንድ በአንድ ይንኩ፣ ለትኩሱ ዘይትም በአብረቅራቂው ፈንታ ሳቲን (ወዙ መካከለኛ የሆነ) ቫርኒሽ ይቀላቅሉ።