አሥር ሰከንድ ስንት ነጥብ ያወጣል?

አዲሱ የፎርሙላ ዋን የውድድር ዘመን እ.ኤ.አ. ማርች 8 ቀን 2026 በሜልበርን ይከፈታል። ከአንባቢዎቻችን የደረሱን ጥያቄዎች ግን ከአዲሶቹ መኪኖች ይልቅ በአሮጌ ቂም የተሞሉ ናቸው፤ አብዛኞቹም ዳኞች ቅጣት የሚጥሉት በምን ሚዛን ነው በሚለው ዙሪያ ይሽከረከራሉ። ስድስቱን መርጠን ከዚህ በታች መልሰናል። ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ የሬድ ቡሉ ቬርስታፐን የ2025ን ዋንጫ ያጣው በ2 ነጥብ ብቻ ነው። በባርሴሎና የተጣለበት የ10 ሰከንድ ቅጣት ብቻውን 9 ነጥብ አሳጥቶታል። ታዲያ ሻምፒዮኑን የመረጡት አሽከርካሪዎቹ ናቸው ወይስ ዳኞቹ?
(የቬርስታፐን የቆየ ደጋፊ)

መልስ፦ ሂሳብዎ ስሕተት የለበትም። ሻምፒዮኑ የማክላረን አሽከርካሪ ኖሪስ ዓመቱን በ423፣ ቬርስታፐን በ421 ነጥብ ጨርሰዋል፤ በባርሴሎናም ቬርስታፐን 5ኛ ሆኖ መስመሩን ካለፈ በኋላ በቅጣቱ ምክንያት ወደ 10ኛ ወርዶ ከ10 ነጥብ ይልቅ 1 ነጥብ ይዞ ተመልሷል። ነገር ግን ከሂሳቡ በፊት ድርጊቱን እናስታውስ። ጁን 1 ቀን ውድድሩ ሊያበቃ ጥቂት ዙሮች ሲቀሩ ሴፍቲ ካር፣ ማለትም አደጋ ሲኖር ከፊት ሆኖ መኪኖቹን በዝግታ የሚመራው መኪና፣ ወጣ፤ ቬርስታፐን የቀሩት አዲስ ጎማዎች ጠንካራዎቹ ብቻ ስለነበሩ እነርሱን አስገጥሞ ተመለሰ፤ ተፎካካሪዎቹ ደግሞ በፈጣኑ ለስላሳ ጎማ ላይ ነበሩ። ፉክክሩ እንደገና ሲጀመር መኪናው ተንሸራተተበት፣ ሌክሌር ቀደመው፣ በመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ደግሞ ከራስል ጋር ተነካክቶ ከመንገዱ ከወጣ በኋላ ከራስል ፊት ሆኖ ተመለሰ። ቡድኑ ቦታውን ለራስል እንዲለቅ በሬዲዮ ነገረው። ወደ 5ኛው መታጠፊያ ሲቃረብ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ራስል ሊያልፈው ጎኑ ሲደርስ ግን እንደገና ነዳጅ ረግጦ ተጠጋውና ተጋጩ። በማግስቱ ራሱ ቬርስታፐን ድርጊቱ ትክክል እንዳልነበረና መሆን እንዳልነበረበት በጽሑፍ አምኗል። በእኔ አስተያየት እንዲያውም 10 ሰከንድ ቀላል ቅጣት ነበር።

ሌላው ነገር ይህን ዓይነት ሂሳብ የጀመረ ሰው እስከ መጨረሻው መቁጠር አለበት። በዚያው ዓመት በላስ ቬጋስ ኖሪስ 2ኛ ሆኖ ጨርሶ ሳለ፣ ከመኪናው ሥር የሚገጠመው ሰሌዳ ደንቡ ከሚፈቅደው የ9 ሚሊ ሜትር ውፍረት በታች ተልጦ በመገኘቱ ከቡድን ጓደኛው ከፒያስትሪ ጋር ከውጤት ተሰርዟል። ያ 18 ነጥብ ቢቆይለት ኖሮ የመጨረሻው ልዩነት 2 ሳይሆን 20 ይሆን ነበር።

ቅሬታዎ ግን አንድ እውነት ይዟል። ቅጣቱ በሰከንድ ይለካል፤ ሰከንዱ የሚያስከፍለው ዋጋ ግን ከኋላ ማን እንዳለና ምን ያህል እንደራቀ ይለያያል። በ2021 በሲልቨርስቶን ሃሚልተን በኮፕስ መታጠፊያ ቬርስታፐንን ገጭቶ ከጎማ ክምር ጋር ካላተመው በኋላ የተጣለበት ቅጣት ያው 10 ሰከንድ ነበር፤ እርሱ ግን ቅጣቱን በፒት፣ ማለትም ጎማ በሚቀየርበት ስፍራ፣ ቆሞ ፈጽሞ፣ ሌክሌርን ደርሶበት አሸነፈ። ቬርስታፐን ሆስፒታል ገብቶ ሳለ ተቀጪው ሻምፓኝ ሲረጭ ማየት ለደጋፊ የሚዋጥ ነገር አይደለም። ዳኞቹ ግን የሚመዝኑት ጥፋቱን እንጂ ያስከተለውን ውጤት አይደለም። ውጤቱን መመዘን ቢጀምሩ ለአንድ ዓይነት ጥፋት፣ ተጎጂው የዋንጫ ተፎካካሪ ሲሆን ከባድ፣ የመጨረሻው ረድፍ አሽከርካሪ ሲሆን ቀላል ቅጣት ሊሰጡ ነው፤ ይህን ደግሞ ከሁላችን በፊት የሚቃወሙት እርስዎ ይመስሉኛል።

ጥያቄ፦ በ2019 በሞንትሪያል የፌራሪው ቬተል ተቀጥቶ ድሉን ተቀማ። ልክ ከሦስት ሳምንት በኋላ በኦስትሪያ ቬርስታፐን የቬተልን የቡድን ጓደኛ ሌክሌርን ከመንገድ ገፍቶ አለፈና አሸነፈ፤ ቅጣት የለም። ይህ በፌራሪ ላይ የተፈጸመ አድልዎ ካልሆነ ምን ይባላል?
(የፌራሪ ደጋፊ)

መልስ፦ ሁለቱን ክስተቶች ጎን ለጎን ማስቀመጥዎ ተገቢ ነው፤ ሲቀመጡ ግን የሚታየው አድልዎ ሳይሆን የሁለት የተለያዩ ደንቦች ጉዳይ ነው። በሞንትሪያል ቬተል በ48ኛው ዙር እየመራ ሳለ፣ ማንም ሳይነካው፣ በራሱ ስሕተት መኪናው አምልጦት በ3ኛውና በ4ኛው መታጠፊያ መካከል ያለውን ሳር አቋርጦ ተመለሰ። ሲመለስ የኋላው ጎማ እየተንሸራተተ መሪውን ሲያስተካክል መኪናው ወደ ግንቡ ተጠጋ፤ በዚያ በኩል ሊያልፍ የነበረው ሃሚልተንም ፍሬን ለመያዝ ተገደደ። የተጣሰው ደንብ ከመንገድ የወጣ መኪና ሲመለስ ሌላውን አደጋ ላይ እንዳይጥል የሚያዘው ነው። ቬተል በ1.342 ሰከንድ ቀድሞ መስመሩን ቢያልፍም የ5 ሰከንድ ቅጣቱ ሲደመር በ3.658 ሰከንድ ተሸናፊ ሆነ። ከዚያም በሃሚልተን መኪና ፊት የቆመውን የቁጥር 1 ሰሌዳ አንሥቶ በራሱ ቦታ ያቆመባትን ቅጽበት የማያስታውስ የፌራሪ ደጋፊ ያለ አይመስለኝም።

በኦስትሪያ ግን ሁለቱም አሽከርካሪዎች መንገዱ ላይ ነበሩ። ውድድሩ ሊያበቃ ሁለት ዙር ሲቀር ቬርስታፐን በውስጥ በኩል ገብቶ ጎን ለጎን ሆነው ታጠፉ፤ ሲወጡም ተነካኩና ሌክሌር ከመስመሩ ውጭ ሆነ። ዳኞቹ ለሰዓታት ካመነቱ በኋላ የፉክክር አጋጣሚ ነው ብለው ተዉት። ለሌክሌር በቂ ቦታ ተትቶለታል ብዬ ግን አላምንም። እዚህ ላይ ከእርስዎ ጋር ነኝ፤ የምለየው ስሕተቱን ተንኮል ብዬ ባለመጥራቴ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ፊያ፣ ማለትም ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን፣ ለዳኞች መመሪያ አውጥቶ በ2025 ለሕዝብ ይፋ አድርጎታል። በመመሪያው መሠረት በውስጥ በኩል የሚቀድም ሰው ቦታ የሚገባው የፊት ጎማዎቹ ቢያንስ ከሌላው መኪና ስፖኪዮ ትይዩ ሲሆኑ ነው፤ ይህም ኤፔክስ ወደሚባለው የመታጠፊያው ውስጠኛ ነጥብ ከመድረሱ በፊትም እዚያው ሲደርስም መሟላት አለበት። በውጭ በኩል የሚቀድመው ደግሞ በዚያች ነጥብ ላይ ከሌላው የፊት ጎማ መቅደም ይኖርበታል። መለኪያው ግልጽ ነው፤ ነገር ግን ፍሬን አዘግይቶ ኤፔክስ ላይ ቀድሞ የደረሰ ሰው፣ መታጠፉን ባይችልበት እንኳ፣ ባለመብት ሊሆን የሚችልበትን በር ከፍቷል። በ2024 በኦስቲን ኖሪስ በውጭ በኩል ሊቀድም ሲሞክር እርሱም ቬርስታፐንም ከመንገድ ወጡ፤ የተቀጣው ግን ከመንገድ ውጭ ሆኖ የቀደመው ኖሪስ ነበር፤ ከ3ኛ ወደ 4ኛም ወረደ። በሳምንቱ በሜክሲኮ ቬርስታፐን ሁለት ጊዜ 10 ሰከንድ ሲቀጣ፣ ብዙ ተመልካች ዳኞቹ የኦስቲኑን እያካካሱ ነው ብሎ ነበር። እኔ ይህን ማረጋገጥ ባልችልም፣ ሰው እንዲህ ማሰቡ ብቻውን የመመሪያውን ድክመት ያሳያል።

ጥያቄ፦ በአቡ ዳቢ 2021 ዋንጫውን ከሃሚልተን ነጥቀው ለቬርስታፐን የሰጡት ዳኞች ዛሬም በሥራ ላይ ናቸውን?

መልስ፦ ጥያቄዎ ሁለት የተለያዩ ሥልጣኖችን አንድ አድርጓል። የዚያን ምሽት ውሳኔ የሰጡት ዳኞቹ ሳይሆኑ የውድድሩ ዳይሬክተር ማይክል ማሲ ነበሩ። ዳይሬክተሩ ውድድሩን ይመራል፣ ሴፍቲ ካር ያስወጣል፣ ያስገባል፤ ጥፋት ያየ ሲመስለው ለዳኞች ያስተላልፋል። የመቅጣት ሥልጣን የዳኞቹ ብቻ ነው።

የሆነውም እንዲህ ነበር፤ ሁለቱ ተፎካካሪዎች እኩል 369.5 ነጥብ ይዘው ገቡ፤ ከ58ቱ ዙሮች 53ኛው ላይ ላቲፊ የተባለው አሽከርካሪ ተጋጭቶ ሴፍቲ ካር ወጣ፤ ቬርስታፐን አዲስ ለስላሳ ጎማ ቀየረ፤ በእርሱና በሃሚልተን መካከል አንድ ዙር የተቀደሙ 5 መኪኖች ነበሩ። ዳይሬክተሩ በመጀመሪያ የተቀደሙት መኪኖች እንዳያልፉ ካዘዙ በኋላ ሐሳባቸውን ለውጠው አምስቱን ብቻ አሳለፉ፤ ሴፍቲ ካሩንም ደንቡ ከሚያዘው አንድ ዙር ቀድመው አስገቡት። ውድድሩም ለአንድ ዙር ብቻ ተከፈተ፤ በእርሱም ቬርስታፐን ሃሚልተንን ቀድሞ ዋንጫውን ወሰደ። የሃሚልተን ቡድን የነበረውን የመርሴዲስን ተቃውሞ ያዩት ዳኞች ናቸው፤ ውድቅ ያደረጉትም ሴፍቲ ካርን የመጠቀም ሥልጣን የዳይሬክተሩ ነው ብለው ነው። ሬድ ቡል ካቀረባቸው መከራከሪያዎች አንዱ የሰዋስው ጉዳይ ነበር፤ ደንቡ «ማንኛውም የተቀደመ መኪና» ይላል እንጂ «ሁሉም» አይልም የሚል። በቀጣዩ ዓመት ቃሉ «ሁሉም» ተብሎ ተለወጠ፤ ማሲም ከቦታቸው ተነሡ፤ የፊያ ምርመራም ስሕተቱ በቅን ልቦና የተፈጸመ የሰው ስሕተት ነው ብሎ ውጤቱን አጸና።

ጥያቄ፦ ዳኞች ከተሳሳቱ ውሳኔያቸውን የሚያርም አካል የለምን?

መልስ፦ በውድድር ውስጥ የሚጣል የሰከንድ ቅጣት ይግባኝ አይባልበትም፤ የቀረው መንገድ ዳግም እንዲታይ መጠየቅ ነው። ለዚህም ቡድኑ አዲስ፣ ጉልህ፣ ከጉዳዩ ጋር የተያያዘና ውሳኔው ሲሰጥ ያልነበረ ማስረጃ ማቅረብ አለበት። በሩ ጠባብ መሆኑን ፌራሪ በ2019 አይቶታል፤ ለቬተል ጉዳይ የቀድሞው አሽከርካሪ ካሩን ቻንዶክ በቴሌቪዥን የሰጠውን ትንታኔ እንደ አዲስ ማስረጃ ይዞ ቀርቦ ባዶ እጁን ተመልሷል።

የተሳካላቸውም አሉ። በ2023 በጂዳ አሎንሶ ቀድሞ የተጣለበትን ቅጣት በፒት ቆሞ ሲፈጽም የኋላው ክሪክ መኪናውን ነካ ተብሎ ሌላ 10 ሰከንድ ተጣለበት፤ 3ኛ ሆኖ የቆመበትን መድረክም አጣ። ቡድኑ አስተን ማርቲን ከዚያ በፊት ክሪኩ መኪና ነክቶ ያልተቀጡ ቡድኖችን የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ሲያቀርብ ዳኞቹ በዚያው ሌሊት ውሳኔያቸውን ሻሩት፤ ለአሎንሶም 100ኛው መድረኩ ሆኖ ተመዘገበ። በ2025 በዛንድቮርት ከሎውሰን ጋር የተጋጨው ሳይንዝ ደግሞ ግማሽ ፍትሕ ነው ያገኘው፤ ጥፋቱ የእርሱ አለመሆኑ ታምኖ ከመንጃ ፈቃዱ ላይ የተመዘገቡት ነጥቦች ተሰረዙለት፣ በውድድሩ የፈጸመው 10 ሰከንድ ግን ሊመለስለት አልቻለም።

ጥያቄ፦ አዲሱ የ2026 ደንብ የዳኞችን ሥራ ያቀላል ወይስ ያከብዳል?

መልስ፦ ያከብዳል ብዬ እገምታለሁ። የመኪናው ክብደት ወደ 30 ኪሎ ገደማ ቀንሷል፣ ቁመቱና ወርዱም ጠብቧል፤ ይህ ጎን ለጎን ለመሄድ ይጠቅማል። ዋናው ለውጥ ግን ኃይሉ ላይ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሞተሩ ከ120 ወደ 350 ኪሎ ዋት አድጎ ከጠቅላላው ጉልበት ግማሽ ያህሉን ይሰጣል። ባትሪው የተሞላለትና ያለቀበት አሽከርካሪ በአንድ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ሲገናኙ የፍጥነት ልዩነታቸው ሰፊ ይሆናል። ከፊት ያለው ኃይል ለመቆጠብ ቀድሞ እግሩን ከነዳጅ ሲያነሣ፣ ከኋላ የሚመጣው ሆን ብሎ ፍሬን ያዘብኝ ሊል ይችላል፤ ዳኞችም የባትሪ አያያዝን ከተንኮል መለየት ይኖርባቸዋል። ይህ ቀላል እንዳልሆነ ከወዲሁ ታይቷል፤ በ2025 በሲልቨርስቶን ፒያስትሪ ከሴፍቲ ካር ኋላ ሳለ በድንገት ፍሬን ያዘ ተብሎ 10 ሰከንድ ተቀጥቶ ድሉ ለኖሪስ ሆኗል፤ እርሱ ግን ከዚያ በፊት ያደርግ ከነበረው የተለየ ነገር አላደረግሁም ብሎ ነበር።

በዚህ ላይ 11ኛ ቡድን ሆኖ ካዲላክ ስለገባ መኪኖቹ 22 ሆነዋል። ዳኞቹ ግን እንደ ቀድሞው ሦስት ወይም አራት ናቸው፤ ከውድድር ውድድርም ይቀያየራሉ። እኔ ዓመቱን ሙሉ የማይለወጥ፣ ደመወዝ የሚከፈለው ጉባኤ ቢቋቋም እመርጣለሁ። እርግጥ ነው፣ ያኔ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አንድን ዳኛ የሚጠሉ ደጋፊዎች ደብዳቤ ይደርሰናል።

ጥያቄ፦ በመንጃ ፈቃድ ላይ የሚመዘገቡት የቅጣት ነጥቦች አዲሱ ዓመት ሲጀመር ይሰረዛሉን?

መልስ፦ አይሰረዙም። እያንዳንዱ ነጥብ ከተመዘገበበት ቀን ጀምሮ ለ12 ወራት ይቆያል፤ በእነዚህ ወራት ውስጥ 12 ነጥብ የሞላበት አሽከርካሪ አንድ ውድድር ይታገዳል። ሥርዓቱ በ2014 ከተጀመረ ወዲህ በዚህ መንገድ መጀመሪያ የታገደው በ2024 በባኩ ያልተወዳደረው ማግኑሰን ነው። ቬርስታፐን በባርሴሎና የተመዘገቡበት 3 ነጥቦች በዚያን ጊዜ ድምሩን 11 አድርሰውት ነበር፤ እነርሱም እስከ ጁን 1 ቀን 2026 ድረስ አብረውት ይሄዳሉ።