የታራሚ ልጆች በሃይማኖት ትምህርት ቤት፦ ጥያቄና መልስ

የሰንበት መምህር፦ አባቱ የታሰረ ልጅ ባለበት ክፍል «አባትህንና እናትህን አክብር» የሚለውን እንዴት ላስተምር?

መምህርት፦ አይዝለሉት፤ ከዘለሉት ልጁ ይነቃል። ማክበር ጥፋትን ማጽደቅ እንዳልሆነ አስቀድመው ያስረዱ። መጸለይ፣ ደብዳቤ መጻፍ፣ ስሙን በክፉ አለማንሳትም ማክበር ነው። «ማታ አባታችሁን ስማችሁ እደሩ» የሚል የቤት ሥራ አይስጡ፤ ለሁሉም «የሚያሳድጋችሁን ሰው» ይበሉ። ቀጥለው ሕዝቅኤል 18፥20ን ያስተምሩ፤ ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም። መድረሳ ለምታስተምሩም ሱረቱል አንዓም 164 አለላችሁ፤ ማንም የሌላውን ሸክም አይሸከምም። ሁለቱንም ስታስተምሩ ዓይናችሁ ልጁ ላይ አይረፍ። ለጸሎት በስሙ አትጥሩት፣ ለምስክርነትም መድረክ ላይ አታውጡት።

የሒሳብ ሹም፦ የእነዚህ ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ በሙሉ ይቅር ወይስ ግማሹ?

መምህርት፦ የቦርዳችሁ ጉዳይ ነው። የነፃ ተማሪዎች ዝርዝር ብቻ ሰሌዳ ላይ አይለጠፍ።

አክስት፦ ለስድስት ዓመቱ ልጅ እናቱ «ውጭ አገር ሄዳለች» ብለነዋል። ትምህርት ቤቱም እንዲህ ይበልልን?

መምህርት፦ አይሆንም። ውሸቱ በእረፍት ሰዓት በሌላ ልጅ አፍ ይፈርሳል፤ ከዚያ በኋላ እርስዎንም መምህሩንም አያምንም። እርስዎ ራስዎ ይንገሩት፦ «እናትህ ሕግ ስለጣሰች እስር ቤት ገብታለች። ጥፋቱ ያንተ አይደለም። እኔ አብሬህ ነኝ።» ሌላውን ሲጠይቅ በዕድሜው ልክ። ከዚያ ለርዕሰ መምህሩና ለክፍል ኃላፊው ያሳውቁ። ሁለት ሰው ይበቃል።

በጎ ፈቃደኛ፦ ለእነዚህ ልጆች የብቻ ክፍል ቢከፈትስ? እርስ በርስ ይግባባሉ።

የሰንበት መምህር፦ በሁለት ቀን «የእስረኛ ልጆች ክፍል» ይባላል።

በጎ ፈቃደኛ፦ ታዲያ ችግሩን ከሚያውቅ እኩያ ጋር የት ያውሩ?

የሰንበት መምህር፦ ከትምህርት ሰዓት ውጭ፣ ሌሎች ልጆችም ባሉበት የንባብ ቡድን።

መምህርት፦ የሰንበት መምህሩ ልክ ናቸው። ወደ ጥያቄዎቹ እንመለስ።

አዲስ ገቢ መምህር፦ ወላጁ የታሰረ ልጅ ክፍል ውስጥ ይረብሻል፤ ምን ይሻላል?

መምህርት፦ «ይረብሻል» ማለት ምን? መቼ? ወላጁን እስር ቤት ሄዶ ከጠየቀ በኋላ ባሉት ሁለት ሦስት ቀናት ከሆነ የሚጠበቅ ነው፤ ፈተናውን አዛውሩለት። የጥየቃውን ቀን እንደ ፈቃድ ቀን መዝግቡት፣ የቀረበት ምክንያት ደግሞ «የቤተሰብ ጉዳይ» ይባል። ከዚያ ውጭ ከሆነ ቀንና ሰዓቱን መዝግበው ይመለሱ።

ርዕሰ መምህር፦ የውጤት ካርድ ለታሰረ ወላጅ ይላካል?

መምህርት፦ ይላካል። መጀመሪያ ፍርድ ቤት ግንኙነት አለመከልከሉን አጣሩ፣ የአሳዳጊውን ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ። ዋናው ለአሳዳጊው፣ ቅጂው ለወላጁ። በሽቦ አታያይዙት፣ ተለጣፊ ሥዕልም አይኑርበት፤ የእስር ቤቱ ጠባቂዎች በር ላይ ሊያስቀሩት ይችላሉ። ወላጁ የሚጽፍበት ባዶ ወረቀት ጨምሩ። የ1989ኙ የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 9 ጥቅሙን እስካልጎዳ ድረስ ከተለየው ወላጅ ጋር መገናኘትን የልጁ መብት ያደርገዋል። ስለዚህ «ካጠፋህ ጥየቃ ትቀራለህ» የሚል ቅጣት አይኑር።

በጎ ፈቃደኛ፦ ለለጋሾች ቀን ልጁ አጭር ምስክርነት ቢሰጥስ?

መምህርት፦ ከላይ ተናግሬያለሁ። አይሰጥም፤ ፎቶውም አይታይም።