ዝቃጩን አትንኩት

ልጆቼ፣ ስለ ሙያችን፣ ስለ ወንጀል ማስረጃ የዲኤንኤ ምርመራ፣ ስትጠይቁኝ ሁልጊዜ የምታነሡት ውጤት የሚያወጣውን ትልቁን ማሽን ነው። እኔ ግን ዕድሜዬን የፈጀሁት ጣት በማታህል ቱቦ ላይ ስለሆነ ስለ እርሷ ልንገራችሁ።

በአስገድዶ መድፈር ወንጀል ከተጎጂዋ አካል በጥጥ የሚወሰደው ናሙና የሁለት ሰው ሕዋሳት የተደባለቁበት ነው፤ የሚበዛውም አብዛኛውን ጊዜ የእርሷ ነው። ሁሉንም በአንድነት ብታሟሙት የወንዱ ዲኤንኤ በእርሷ ተውጦ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1985 ፒተር ጊል፣ አሌክ ጄፍሪስ እና ዴቪድ ዌረት የተባሉ ሳይንቲስቶች በእንግሊዝ አገር ያሳተሙት መላ እስከ ዛሬ እንጀራችን ነው። የወንድ ዘር ሕዋስ ዲኤንኤውን የሚጠቀልልበት ፕሮታሚን የተባለ ፕሮቲን በድኝ ማሰሪያዎች የተቆላለፈ ነው። ስለዚህ ሳሙናማ ፈሳሽና ፕሮቲኔዝ ኬ የተባለው ኢንዛይም የእርሷን ሕዋሳት ሲያፈርሱ የዘር ሕዋሱ ራስ ይቋቋማቸዋል። ቱቦው በሴንትሪፊውጅ ሲሽከረከር ራሶቹ ይዘቅጣሉ፤ የእርሷ ዲኤንኤ ከላይ በፈሳሹ ውስጥ ይቀራል። ፈሳሹ ተቀድቶ ለብቻው ይቀመጣል፣ ዝቃጩ ደጋግሞ ይታጠባል፣ በመጨረሻም የድኝ ማሰሪያዎቹን የሚበጥስ ዲቲቲ የተባለ ኬሚካል ተጨምሮበት ቁልፉ ይፈታል።

ጣጣው ያለው እጥበቱ ላይ ነው። ካነሰ የእርሷ ዲኤንኤ አብሮ ይቀራል፤ ከበዛ የእርሱ ይታጠባል። አንድ የዘር ሕዋስ የሚይዘው ዲኤንኤ 3 ፒኮግራም (የአንድ ግራም ሦስት ትሪሊዮንኛ) ያህል ብቻ ነው፣ ዝቃጩም ብዙ ጊዜ በዓይን አይታይም። (የዘር ቱቦው የተቋጠረ ወንድ ከሆነማ የሚዘቅጥ ነገር የለም፤ ያኔ ፊታችሁን ወንድ ብቻ ወደሚይዘው ወደ ዋይ ክሮሞሶም ምርመራ አዙሩ።)

በጀማሪነቴ አንድ አርብ ማታ፣ ወደ ቤት ለመሄድ ስቸኩል የፒፔቴ፣ የፈሳሽ መቅጃዬ፣ ጫፍ ዝቃጩ ያለበትን የቱቦውን ግርጌ ነካ። ምንም አልመሰለኝም፤ የእጥበቱን ፈሳሽ ደፋሁት። በማይክሮስኮፕ ቀይ ቀለም የያዙትን ራሶች በዓይኔ አይቻቸው ነበር። ሰኞ ውጤቱ ሲወጣ ግን ያለው የእርሷ ብቻ ነው። ጥጡም አልቋል። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን በዘገባው ላይ ጻፍኩ፤ አለቃዬ አንብቦ ምንም ሳይናገር ፈረመበት። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የጠፋው የአንድ ወንጀለኛ ማስረጃ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1986 በእንግሊዝ አገር በሌስተርሻየር አንድ የ17 ዓመት ወጣት የግድያ ወንጀል ፈጽሜያለሁ ብሎ ቃሉን ከሰጠ በኋላ ነፃ ያወጣው ዲኤንኤ ነው። እኔ የደፋሁት ፈሳሽ ለማን ይመሰክር እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ የእጥበት ፈሳሽ ቀንና ቁጥር ሳልጽፍበት፣ ውጤቱም ሳይወጣ ደፍቼ አላውቅም። ባልደረቦቼ የማቀዝቀዣውን የታችኛውን መደርደሪያ «የሽማግሌው እጣቢ» ይሉታል።