የተጣበቀ አንጀትን በእጅ የማከም ሙያ፦ ለአንዲት የፊዚዮቴራፒ ምሩቅ የተሰጠ መልስ

ውድ ጠያቂ፣

ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ በፊዚዮቴራፒ ተመርቀው አሁን ቨርጂኒያ ውስጥ በአረጋውያን መንከባከቢያ እንደሚሠሩ፣ እናትዎ ከሆድ ቀዶ ሕክምና በኋላ አንጀታቸው እየተጣበቀና እየተዘጋ ሦስት ጊዜ ሆስፒታል መተኛታቸውን፣ በዚህም የተነሣ መጣበቁን በእጅ የሚያላቅቀውን ሕክምና መተዳደሪያዎ ለማድረግ ማሰብዎን ጽፈውልኛል። ያጠራቀምኩትን ገንዘብ ለአጭር ሥልጠና ልክፈል ወይስ ይቅርብኝ ላሉት፣ አሁን ይቅርብዎት እላለሁ።

ሐሳብዎ መሠረት የለውም ማለቴ አይደለም። የሆድ ዕቃን የሚሸፍነው ስስ ሽፋን በቀዶ ሕክምና ሲጎዳ ፋይብሪን የተባለ ተጣባቂ ነገር ያመነጫል፤ ይህም በጥቂት ቀናት ውስጥ ካልሟሟ ወደ ጠባሳ ክርነት ተለውጦ አንጀትን ከአንጀት ወይም ከሆድ ግድግዳ ጋር ያያይዛል። ክሩን ለመቁረጥ ሆድ እንደገና ሲከፈት ደግሞ አዲስ ጠባሳ ሊፈጠር ስለሚችል፣ ብዙ ሕሙማን ቢላዋ የሌለበት መንገድ መፈለጋቸው አያስገርምም።

ይህ ዘዴ በአሜሪካ ሲነሣ ብዙ ጊዜ አብሮ የሚጠራው ላሪ እና ቤሊንዳ ወርን የተባሉ ባልና ሚስት ፍሎሪዳ፣ ጌንስቪል ውስጥ ያቋቋሙት ክሊየር ፓሴጅ የተባለ ክሊኒክ ነው። ቤሊንዳ የፊዚካል ቴራፒ (ፊዚዮቴራፒ በአሜሪካ የሚጠራበት ስም ነው) ባለሙያ ሲሆኑ፣ ወደዚህ ሥራ የገቡት በካንሰር ሕክምና ምክንያት በራሳቸው ሰውነት ላይ በደረሰው መጣበቅ ነው። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2013 ስለ አንጀት መዘጋት ያሳተሙት ጽሑፍ የሁለት ሕሙማንን ታሪክ ብቻ የያዘ ነበር፤ በኋላ የወጡትንም ቢሆን በአብዛኛው የጻፉት ከክሊኒኩ ጋር የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 በሌሎች ተመራማሪዎች የታተመው ተስፋ ሰጪ ጥናት ደግሞ የተደረገው በአይጦች ላይ ነው። አሠሪና የጤና መድን ድርጅት የሚጠይቁት ሕሙማን በዕጣ ተመድበው የሚነጻጸሩበት ሰፊ ጥናት በመሆኑ፣ በዚህ ዘዴ ብቻ የሚያሠራ ቦታ እጅግ ጠባብ መሆኑን ከወዲሁ ይወቁት።

ከዚህ ይልቅ ያለ ሙያ ፈቃድ የሕመምተኛ ሆድ ላይ እጅ ማሳረፍ ስለማይችሉ፣ ገንዘብዎን ለፈቃዱ ያውሉት። በአሜሪካ ዛሬ የሙያው መግቢያ የዶክትሬት ዲግሪ ስለሆነ፣ እንደ ኤፍሲሲፒቲ ያለ የውጭ ትምህርት ገምጋሚ ድርጅት በእርስዎ ዲግሪ ላይ የጎደሉ ኮርሶችን ሊያገኝ ይችላል። ለፈቃዱ የሚወሰደው ብሔራዊ ፈተና በሕይወት ዘመን የሚፈቀደው ስድስት ጊዜ፣ በአንድ ዓመት ውስጥም ሦስት ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ ለሙከራ ያህል ብለው አይቀመጡ። የሚጎድለው በጣም ከበዛ፣ የሁለት ዓመቱ የቴራፒስት ረዳትነት ትምህርት የሚናቅ አማራጭ አይደለም። ፈቃዱን ካገኙ በኋላ በዳሌ ወለል ሕክምና (ፊኛንና አንጀትን ከታች የሚደግፉ ጡንቻዎችን በማከም) እና ከቀዶ ሕክምና በኋላ በሚሰጥ ማገገሚያ ላይ ቢያተኩሩ፣ ጠባሳን፣ አተነፋፈስንና የሆድ ጡንቻን በየቀኑ የሚያክሙበት፣ ቀጣሪም ያለው ሥራ ያገኛሉ። ያን አጭር ሥልጠና ያኔ ቢወስዱት ደግሞ የሚነገርዎትን አመዛዝነው ይሰሙታል።

በአገራችን ሆድ ሲቆርጥ በቅቤ ማሸት የተለመደ ስለሆነ አንድ ነገር በግልጽ ልጻፍልዎ። ሆዱ የተነፋ፣ የሚያስመልሰው፣ ፈስም ሆነ ሰገራ አልወጣ ያለው ሰው የሚታሸው ሳይሆን በፍጥነት ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚወሰድ ነው፤ ትኩሳት ወይም ፋታ የማይሰጥ ሕመም ከተጨመረበት፣ ደም የተቋረጠበት አንጀት በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ብዙ ጊዜ በከፊል የተዘጋ አንጀት ምግብ ተከልክሎ፣ በደም ሥር ፈሳሽ ተሰጥቶና በአፍንጫ ቱቦ ገብቶ ያለ ቀዶ ሕክምና ይከፈታል፤ ይህን የሚወስነው ግን ቀዶ ሐኪም ነው። ለእናትዎም የእጅ ሕክምና መታሰብ ያለበት መዘጋቱ ባለፈበት ጊዜ፣ ቀዶ ሐኪማቸው አውቆትና ፈቅዶ ብቻ ነው።

የዚህ ሳምንት ሥራዎ ከጎንደር የትምህርት ማስረጃዎን፣ የእያንዳንዱን ኮርስ ዝርዝር መግለጫና የተግባር ልምምድ ሰዓታትዎን በማኅተም አስደግፈው እንዲልኩልዎ መጠየቅ ይሁን፤ ወረቀቱ ከዚያ እስኪመጣ ሊዘገይ ስለሚችል፣ እስከዚያው የቨርጂኒያ ፊዚካል ቴራፒ ቦርድ በውጭ አገር ለተማሩ ያወጣውን መስፈርት አንብበው ያልገባዎትን ቢጽፉልኝ አብረን እናየዋለን።