የአያት ካሜራ ስንት ያወጣል? ጥያቄና መልስ

ስለሚታጠፉ የድሮ ካሜራዎች የጠየቃችሁኝን እነሆ በየተራ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ጥያቄ፦ ከአያቴ ሣጥን ውስጥ የሚታጠፍ ካሜራ አገኘን። ቆዳው ላይ «ኮዳክ» ይላል። ውድ ነው?

ምናልባት አይደለም፤ ቅር እንዳይልዎት። ኮዳክ እነዚህን በገፍ ነው የሠራቸው። ጀርባው ላይ ትንሽ መስኮት ተከፍቶ በብረት ጫፍ የሚጻፍበት ከሆነ «አውቶግራፊክ» የሚባለው ነው። በ1914 ነው የወጣው፤ ሰዎች ቀንና ስም ፊልሙ ላይ ይጽፉበት ነበር። ደስ የሚል ነገር ነው፤ ግን ዛሬም ሞልቷል። ዕድሜ ብቻውን ዋጋ አይሆንም።

ጥያቄ፦ የእኔ «ዛይስ አይኮን» ይላል። በምን ልለየው?

የቆዳውን ጽሑፍ ትተሽ የሌንሱን ዙሪያ አንብቢ። ዛይስ አይኮን በ1926 የተመሠረተ የጀርመን ኩባንያ ነው፤ ስለዚህ ካሜራሽ ከዚያ አይቀድምም። «ኢኮንታ» የሚባለው ሞዴል በተለያየ ሌንስ ይሸጥ ነበር። «ኖቫር» ባለ ሦስት መስታወት ነው፤ «ቴሳር» ግን አራት አለው፣ ይወደዳልም። ሹተሩንም (ለብርሃን የሚከፈትና የሚዘጋውን ክፍል) እዪ። «ኮምፑር ራፒድ» የሚል ከሆነ ከተራዎቹ ይበልጣል። ርቀት መለኪያው ከሌንሱ ጋር የተያያዘ ከሆነ ደግሞ ሱፐር ኢኮንታ ይዘሻል፤ ያኔ ቶሎ አትሽጪው።

ሌንሱ በብርሃን ሲታይ ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ ካንጸባረቀ ነጸብራቅ የሚቀንስ ስስ ሽፋን የተቀባ ነው። እንዲህ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሠራ ነው። እግረ መንገዴን፦ «ቤሳ 2» የሚል የፎክትሌንደር ካሜራ ላይ «አፖ-ላንታር» የሚል ሌንስ ያየ ሰው ካለ፣ ሳይነካካው ባለሙያ ይፈልግ። ሰብሳቢዎች የሚሻሙበት እሱ ነው።

ጥያቄ፦ «ሞስክቫ-5» ምንድን ነው?

የሱፐር ኢኮንታ የሶቪየት ዘመድ። የተሠራው ከ1956 እስከ 1960 ነው። ጥሩ ፎቶ ያነሳል፤ ዋጋው ግን ከጀርመኑ ያንሳል።

ጥያቄ፦ ውስጡ ፊልም ያለ ይመስለኛል። ልክፈተው?

ኧረ እንዳትከፍተው! ጀርባው ላይ ያለችውን ቀይ መስኮት እይ። ቁጥር ከታየህ ፊልም አለ ማለት ነው። ፊልሙን የሚጠቀልለውን ቁልፍ ቀስ እያልክ እስከ መጨረሻው ጠምዝዘው፤ ከፊልሙ ጀርባ ያለው ወረቀት አልቆ ሲላላ ይታወቅሃል። ከዚያ ደብዘዝ ያለ ቦታ ላይ ክፈት፣ ጥቅሉ እንዳይፈታ በፕላስተር እሰረው፣ የድሮ ፊልም ለሚያጥብ ሰው ስጠው። ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላም ምስል የሚወጣበት ጊዜ አለ። ለቤተሰብ ከካሜራው ይልቅ እሱ ሊበልጥ ይችላል።

ጥያቄ፦ ኢንተርኔት ላይ ያንኑ ካሜራ በጣም ውድ አድርገው ለጥፈውታል። ልመናቸው?

የተለጠፈ ዋጋ የሻጩ ምኞት ነው። «የተሸጡ» የሚለውን ተጭነሽ በእውነት የተከፈለውን እዪ።

ጥያቄ፦ ዛሬ ይሠራበታል?

ካሜራው የሚወስደው የፊልም ዓይነት ቁጥር ይወስነዋል። 120 በ1901 ወጥቶ እስካሁን ይመረታል። 620 ያው 120 ነው፤ የሚጠቀለልበት እንዝርት ብቻ ቀጭን ነው። ምርቱ ቢቆምም 120ውን በጨለማ ወደ 620 እንዝርት የሚያዛውሩ አሉ። 116 ወይም 122 ከሆነ ግን ለመደርደሪያ ነው የሚሆነው፤ ዋጋውም ይወርዳል።

ሌላው ሌንሱንና የካሜራውን አካል የሚያገናኘው ሽብሽቡ ቆዳ ነው። ጨለማ ክፍል ግባ፣ የእጅ ባትሪ ውስጡ አብራ፣ ማጠፊያዎቹን ከውጭ ተመልከት። እንደ ኮከብ ብልጭ የሚል ነጥብ ካየህ ተበስቷል። የ1950ዎቹ የአግፋ ካሜራዎች በዚህ የታወቁ ናቸው። የእነሱ ቅባትም ይደርቅና ሌንሱ አልዞር ይላል።

ጥያቄ፦ ሹተሩ ተጣብቋል፤ ዘይት ላድርግበት?

አይሆንም። ዘይቱ ወደ ስስ ብረቶቹ ይሰርግና ጭራሽ ያጣብቃቸዋል። ሊሸጡት ካሰቡም እንዳለ ይተዉት፤ የሚገዛው ሰው ራሱ ያስጠግነዋል።