ክሩ ሲበጠስ ጫፉን ይመልከቱ

የጠያቂዬ ችግር ባጭሩ ይህ ነው። ለመዝናናት ዓሣ ማጥመድ ከጀመሩ ጥቂት ወራት ሆኗቸዋል። ባለፉት ሦስት ጉዞዎች ደህና ደህና ዓሦች መንጠቆው ላይ ገብተው፣ ዳር ሊደርሱ ሲሉ አምልጠዋቸዋል። የሚጠቀሙት 4 ኪሎ ግራም የሚችል የናይለን ክር ነው። «8 ኪሎ የሚችለውን ብገዛ ይሻል ይሆን?» ይላሉ።

አሁን አይግዙ። ወፍራም ክር ለዓሣው ይበልጥ ይታያል፣ ቀላል ማጥመጃንም አርቆ ለመወርወር ያስቸግራል። ቋጠሮው የማይረባ ከሆነ ደግሞ 8 ኪሎ የሚችለውም ይፈታል። ከሁሉ በፊት ማወቅ የምፈልገው፣ ባዶውን የተመለሰው የክሩ ጫፍ ምን ይመስል እንደነበር ነው። እኔ ዓሣ ሲያመልጠኝ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው፤ ጥፋቱ የት እንደሆነ የሚናገረው እሱ ነውና።

ጫፉ እንደ ሐረግ ጫፍ ተጠምዝዞ ከመጣ ክሩ አልተበጠሰም፤ ቋጠሮው ተፈትቷል። ነጣ ብሎ ከሻከረ ከድንጋይ ወይም ከእንጨት ጋር ተፋትጓል ማለት ነው፤ የተጎዳውን ሁሉ፣ አንድ ሁለት ሜትርም ቢሆን፣ ቆርጠው ይጣሉ። ተለጥጦ ከቀጠነ ጭነት በዝቶበታል፤ ጥፋቱም ክሩ የሚጠቀለልበት መዘውር ፍሬን ነው፤ ይህም ክሩ ሲጎተት በምን ያህል ኃይል እንደሚለቅ የሚወስነው ክፍል ነው።

ጀማሪዎች ሲቸገሩ በብዛት የማየው የመጀመሪያውን ነው፤ ስለዚህ ቋጠሮው ላይ ልቆይ። ክሩን በመንጠቆው ዓይን ካሳለፉ በኋላ አጭሩን ጫፍ በዋናው ክር ላይ 5 ወይም 6 ጊዜ ይጠምጥሙት። ከዚያ መልሰው ከመንጠቆው ዓይን አጠገብ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ያስገቡት፤ በዚህ ጊዜ ትልቅ ቀለበት ይፈጠራል፤ ጫፉን በዚያም ውስጥ አንድ ጊዜ ያሳልፉት። አሁን ከማጥበቅዎ በፊት በውኃ ወይም በምራቅ ያርጥቡት። ይህችን ነገር እባክዎ አይዝለሏት። ደረቅ ናይለን እርስ በርሱ ሲፋተግ ይሞቃል፤ ሙቀቱም ክሩን ለዓይን በማይታይ ሁኔታ ያዳክመዋል። ሲስቡ በዝግታ፣ ሳያቋርጡ ይሳቡ። ጥምጥሞቹ ጎን ለጎን ካልተኙና አንዱ በሌላው ላይ ከወጣ፣ ቆርጠው እንደገና ይሥሩት። ትርፉን 3 ሚሊ ሜትር ያህል አስቀርተው ይቁረጡ።

ይህ ቋጠሮ ለናይለን እንጂ ለተጎነጎነ ክር አይሆንም፤ የተጎነጎነው ልሙጥ ስለሆነ ይንሸራተታል። ለእሱ ክሩን አጥፈው ድርብ አድርገው በመንጠቆው ዓይን ያሳልፉ፤ ድርቡን ላላ አድርገው አንድ ጊዜ ይቋጥሩ፤ መንጠቆውን በጫፉ ቀለበት ውስጥ አሾልከው፣ አርጥበው ይሳቡ።

ዓሦቹ ሁልጊዜ የሚያመልጡት ዳር ላይ መሆኑ ግን ፍሬኑንም እንድጠረጥር አድርጎኛል። ናይለን ሲጎተት ይለጠጣል። ዓሣው ሩቅ ሳለ የዚያ ሁሉ ክር መለጠጥ ድንገተኛውን ጉተታ ያበርድልዎታል፤ ዳር ሲደርስ ግን በመካከላችሁ የሚቀረው ሁለት ሦስት ሜትር ብቻ ነው። ዓሣውም ሰው ሲያይ የመጨረሻ ኃይሉን አውጥቶ ይሸሻል። በዚያች ቅጽበት ፍሬኑን ማጥበቅ ያምራል፤ ትክክሉ ግን ትንሽ ማላላት ነው።

ፍሬኑ ክሩ ከሚችለው ጭነት ሩብ እስከ ሲሶ ሲደርስ መልቀቅ አለበት፤ ለእርስዎ ክር ከ1 እስከ 1.3 ኪሎ ግራም ማለት ነው። በግምት አይሥሩት። ክሩን በዘንጉ ቀለበቶች አሳልፈው በሚንጠለጠል የእጅ ሚዛን ላይ ያስሩ፤ ሌላ ሰው ሚዛኑን ይዞ ሲጎትት፣ ክሩ መልቀቅ የሚጀምርበትን ቁጥር ያንብቡ። ዓሣው ብዙ ክር ይዞ ሲሮጥ በመዘውሩ ላይ ያለው ጥቅል ስለሚቀጥን፣ ሳይነኩት ጭነቱ ራሱ እንደሚጨምር ያስታውሱ። ክሩ እየወጣ ሳለም እጀታውን አያዙሩ፤ ክሩን ከማጠማዘዝ በቀር ምንም አይጠቅምም።

ዘንጉን ወደ ዓሣው ቀጥ አድርገው አይቀስሩ። ወደ 45 ዲግሪ ከፍ ሲል ይጎብጣል፤ መጉበጡም እንደ ሞላ ሆኖ ክሩን ያሳርፍልዎታል። ዓሣውን በክር አንጠልጥለው ከውኃ አያውጡት፤ በውኃ ውስጥ ክብደቱን ውኃው ይሸከምለታል፣ አየር ላይ ግን ሙሉ ክብደቱ በክሩ ላይ ይወድቃል። መረቡን አስቀድመው ውኃው ውስጥ ያስገቡ፤ መረቡን ወደ ዓሣው ሳይሆን ዓሣውን ወደ መረቡ ያምጡ።

ቆርጠው የጣሉትን ክር ሁሉ ኪስዎ ውስጥ ይክተቱ። በወደቀ ናይለን እግሯ ታስሮ የምትንፈራገጥ ወፍ አይቻለሁ፤ አንድ ጊዜ ማየቱ ይበቃል።

ከሚቀጥለው ጉዞ በፊት ቤትዎ ተቀምጠው አሥር ቋጠሮ ይሥሩ፤ እያንዳንዱንም መንጠቆውን በፒንሳ ይዘው ይጎትቱት። ዳር ላይ ደግሞ ክሩ ከተበጠሰ፣ የመጨረሻዋን 20 ሴንቲ ሜትር ቆርጠው ያስቀምጡና ጫፏ ምን እንደሚመስል ይጻፉልኝ።